ይጻፉ ወይስ ያስጽፉ? ለአረካ ነጋዴ የድረ ገጽ ጽሑፍ መመሪያ

አረካ ውስጥ ፔንሲዮን፣ የእንጨት ሥራ፣ የዳጣ ማምረቻ ወይም የጅምላ ሱቅ ያለው ሰው ዌብሳይት ሲያሠራ ሠሪው መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «ጽሑፉን ማን ይሰጠኛል?» ቀብዱ ተከፍሏል፣ ቀለሙ ተመርጧል፣ ዓርማው ተለጥፏል፤ የሚነበብ ነገር ግን የለም። ያኔ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ሠሪው ከሌላ ድርጅት ገጽ ቀድቶ እንዲሞላው ይተወዋል፣ ወይ «እጽፋለሁ» ላለ ለማያውቀው ሰው ከፍሎ ስለ ራሱ ሥራ ራሱ ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ያስጽፋል። በሁለቱም መንገድ ብሩ ይባክናል።

ምክሬን ከአሁኑ ልናገር። ስለ ሥራዎ ያለውን መረጃ ራስዎ ይጻፉ፤ መጻፍ ከከበደዎ በቃልዎ ይናገሩት። ገንዘብ የሚያወጡት ለእርማት፣ ለእንግሊዝኛውና ለፎቶው ይሁን። አካሄዱ እንዲህ ነው።

አንባቢዎ ማን ነው?

አረካ የሚኖር ሰው ሱቅዎን ለማግኘት ድረ ገጽ አይከፍትም። ያውቅዎታል፤ ካላወቀዎትም የባጃጅ ሾፌር ይጠይቃል። ድረ ገጽ የሚከፍተው ሩቅ ያለ ሰው ነው፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ ሳይለይ ደግሞ ምን እንደሚጻፍለት አይታወቅም። በአረካ ነገር ለእኔ የሚታዩኝ ጥቂት ዓይነት ሰዎች ናቸው። ከተማዋ ከሆሳዕና ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሶዶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትገኝ አንዱ አላፊው መንገደኛ ነው። ሁለተኛው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል እንግዳ ነው። ማዕከሉ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ አካባቢዎች የተሰበሰቡ የእንሰት ዓይነቶችን ይዞ የሚያጠና፣ «ቦሎሶ 1» የተባለውን የጎደሬ ዝርያም ያወጣ ተቋም ስለሆነ ከዩኒቨርሲቲም ከውጭ አገርም ተመራማሪ ይመጣበታል፤ ይህ ሰው ገና ከቤቱ ሳይነሳ ስለ አልጋና ስለ ሙቅ ውሃ ማወቅ ይፈልጋል። ዝንጅብልና ቡና ፈላጊው የአዲስ አበባ ነጋዴ አለ። ከአገር የወጣው የወላይታ ልጅም አለ፤ ለጊፋታ በዓል ለእናቱ በሬ የሚያስገዛ፣ ለእህቱ ሠርግ አዳራሽ የሚከራይ፣ ለሚያሠራው ቤት በርና መስኮት የሚያዝ።

ከእነዚህ አንዳቸውም ደንበኛዎ ካልሆኑ ድረ ገጹ ይቅርብዎ። የቴሌግራም ቻናል ይክፈቱ፣ ጉግል ካርታ ላይ ድርጅትዎን ያስመዝግቡ፤ ሁለቱም በነፃ ነው። ድረ ገጽ በየዓመቱ ወጪ አለው። አብዛኛው የዶሜንና የሆስቲንግ ዋጋ የሚተመነው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገም ዘንድሮ የከፈሉት ብር ለከርሞ ላይበቃ ይችላል። ለቴሌግራም ቻናልም ቢሆን ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይሠራል፤ የሚነበብ ነገር የትም ቢለጠፍ ያው ጽሑፍ ነው።

ጥያቄዎቹን ይሰብስቡ

ለሁለት ሳምንት ያህል ስልክ ባነሱ ቁጥር የደዋዩን ጥያቄ ደብተር ላይ ያስፍሩ፤ በእርስዎ ቃል ሳይሆን እሱ ባለው ቃል። «መኪና ማቆሚያ አላችሁ?»፣ «አንድ ኪሎ በአውቶቡስ ትልኩልኛላችሁ?»፣ «መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ?»፣ «ካልወደድኩት ትመልሳላችሁ?» እንደሚሉት ዓይነት። ደጋግሞ የመጣው ጥያቄ የገጹ የመጀመሪያ መስመር ይሆናል።

ይህ ሥራ ለምን ለተከፋይ ጸሐፊ እንደማይሰጥ በዝንጅብል ላሳይ። በ2004 ዓ.ም. ግድም የተዛመተው የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ የወላይታን ዝንጅብል ክፉኛ ጎድቶታል፤ የደረሰበት ገበሬም ነጋዴም አይረሳውም። ስለዚህ የዝንጅብል ዘር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ በሽታ ነው። የሻጩ ገጽ ዘሩ ከየት እንደመጣ፣ ማሳው ላይ ባለፉት ዓመታት ምን ተዘርቶ እንደነበር፣ ገዢው ማሳውን ማየት ቢፈልግ መቼ መምጣት እንደሚችል መናገር አለበት። ይህን አዲስ አበባ የተቀመጠ ተከፋይ ጸሐፊ ከየት ያመጣዋል? «ዝንጅብል ከጥንት ጀምሮ ለጤና ጠቃሚነቱ የታወቀ ተክል ነው» ብሎ ነው የሚጀምረው። ዘር ገዢ ደግሞ ይህን ለማንበብ ጊዜ የለውም።

ብዕር ቢከብድዎ ይናገሩት

«እኔ መጻፍ አልችልም» የሚል ነጋዴ ብዙ ነው፤ ያው ሰው ደንበኛ ፊት ሲቆም ግን ስለ ዕቃው ግማሽ ሰዓት ያወራል። ስለዚህ ስልክዎን ይክፈቱና ድምፅዎን ይቅዱ። በደብተሩ የሰፈሩትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እያነሱ፣ ደዋዩ ስልኩ ላይ እንዳለ አድርገው ይመልሱ። በወላይትኛ ቢቀናዎ በወላይትኛ፣ በአማርኛ ቢቀናዎ በአማርኛ። ከዚያ እጁ የቀና ልጅ ከቤት አይጠፋም፤ እያዳመጠ ይገልብጠው።

ፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ የሚሠራው እንዲህ አይደለም እንዴ? ባለጉዳዩ ይናገራል፣ እሱ ያሰናዳል። ባለጉዳዩ ዝም ብሎ «አንተው ታውቃለህ፣ ጻፍልኝ» ቢለው ግን ክሱ የማን ክስ ይሆናል?

ገጹ ላይ ምን ይስፈር?

ለአነስተኛ ድርጅት አንድ ረዘም ያለ ገጽ ይበቃል። ምን እንደሚሸጡ፣ በስንት እንደሚሸጡ፣ የት እንደሚገኙ፣ እንዴት እንደሚከፈልና ዕቃው ቢበላሽ ምን እንደሚያደርጉ። ሌላው ትርፍ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ግን ሰው በቀላሉ የሚስታቸው አሉና ልዘርዝራቸው።

አድራሻ። አረካ ውስጥ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይዞ ሰው አያገኝዎትም። ከሶዶ በኩል የሚመጣ ሰው ምን ምልክት አልፎ፣ በየት በኩል ታጥፎ፣ ስንት ደቂቃ ተራምዶ እንደሚደርስ ይጻፉ፤ ከሆሳዕና በኩል ለሚመጣውም እንዲሁ ለብቻው። ምልክት አድርገው የሚጠሩት ነገር የማይፈርስ ይሁን፤ «ከቀዩ ሱቅ አጠገብ» ብለው ሱቁ ሰማያዊ ቢቀባ ችግር ነው። የጉግል ካርታውን ማስፈንጠሪያ ከሥሩ ያስቀምጡ። ክልሉን ሲጽፉም ይጠንቀቁ፦ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን ማዕከሉም ወላይታ ሶዶ ነው። «ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» የሚል አድራሻ የያዘ ገጽ ያየ ሰው ድርጅቱ ከተዘጋ ዓመታት ያለፉት ሊመስለው ይችላል።

ሰዓትና ቀን። በአማርኛው ገጽ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ሳይቀየር ወደ እንግሊዝኛ ከተገለበጠ የውጭው እንግዳ ሌሊት የሚከፈት ሱቅ አድርጎ ይረዳዋል። ለእሱ መክፈቻው 8 ሰዓት ነው መባል ያለበት። ቀንም እንዲሁ፤ «እስከ ሰኔ 30» ያሉት ለእሱ ጁላይ 7 ነው። ለጊፋታና ለመስቀል ትእዛዝ የምትቀበሉ ሥጋ ቤቶችና ዳጣ አምራቾች የመጨረሻውን የማዘዣ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። በዓላቱ የሚውሉት መስከረም ላይ መሆኑን ውጭ የተወለደ ልጅ ላያውቅ ይችላል፤ ገንዘቡን የሚልከው ደግሞ እሱ ነው።

ስልክ። ከ09 ወይም ከ07 በፊት ያለውን ዜሮ አንስተው +251 የጨመሩበትንም ያስፍሩ። ከውጭ የሚደውል ሰው ዜሮዋን ሳያነሳ እየደወለ «ስልካቸው አይሠራም» ብሎ ይተዋል።

ክፍያ። በቴሌብርም በባንክም የሚቀበሉ ከሆነ ገንዘቡ የሚገባበት ስም ምን ብሎ እንደሚታይ ይናገሩ። በድርጅቱ ስም እየጠበቀ የእርስዎ የአባት ስም ብቅ ሲልበት የሚደነግጥ ደንበኛ ብዙ ነው፤ አጭበርባሪ በበዛበት ዘመን ደግሞ ድንጋጤው ልክ ነው። «ከዚህ ቁጥር ውጭ ገንዘብ አንቀበልም» የምትል አንድ መስመር ትልቅ ሥራ ትሠራለች።

ዋጋ። የብዙ ነጋዴ ልማድ ዋጋን መደበቅ ነው፤ ተፎካካሪ ያየዋል ይላል፣ ደግሞም ነገ ይቀየራል ይላል። ሁለተኛው ምክንያት እውነት ነው። እኔ ግን ዋጋ ከነቀኑ ቢጻፍ እመርጣለሁ፦ «እስከ ጥቅምት 15 የሚያገለግል ዋጋ» ተብሎ። ዋጋው በመጠን ወይም በሥራው ዓይነት የሚለያይ ከሆነ፣ የበርና መስኮት ሥራ እንደሚሆነው፣ አንድ የሠሩትን በር ፎቶ ከነልኩ፣ ከነእንጨቱ ዓይነትና ከነዋጋው ያሳዩ። ሰውየው የራሱን ከዚያ ተነስቶ ይገምታል።

ምን ይሰረዝ?

አሁን የተጻፈውን ያንብቡና «ጥራት መለያችን ነው»፣ «ደንበኛ ንጉሥ ነው»፣ «የረጅም ጊዜ ልምድ ባካበቱ ባለሙያዎች» የሚሉትን ሁሉ ይሰርዙ። ማንም ስለሚለው ማንም አያምነውም። ልምድ ካለዎት ሱቁ የተከፈተበትን ዓመት ይጻፉ፤ ያ ይበቃል። «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት» የሚለውንም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ አንስተው አያምጡት። ባለአሥር አልጋ ፔንሲዮን ራዕዩን ተጠይቆ ሲያውቅ አልሰማሁም፤ ሻወሩን ነው የሚጠየቀው።

ዳጣና ዝንጅብል ሻጮች ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «ከዚህ በሽታ ይፈውሳል» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ በዚያ ላይ ሕመምተኛ አምኖ መድኃኒቱን ቢተው ጣጣው ከቅጣትም ይብሳል። የሌላ ሰው ፎቶና ጽሑፍ አንስቶ መለጠፍም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል። ከኢንተርኔት የወረደ የሕንድ ዝንጅብል ፎቶ ለወላይታ ዝንጅብል ምን ያደርግለታል?

ገንዘብ የሚወጣበት

አንደኛ እርማት። የአማርኛ መምህር ወይም የጋዜጠኝነትና የቋንቋ ምሩቅ ይፈልጉ፤ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አጠገብዎ ነው። አራሚው ፊደሉን፣ ሥርዓተ ነጥቡንና የተንዛዛውን ዓረፍተ ነገር ያስተካክላል፤ መረጃ አይጨምርም። ስለ ፊደል አንድ ነገር ልጨምር። አራሚው «ሥጋ»፣ «ዕቃ» እና «ጸጉር» ብሎ በትክክል ይጽፍልዎታል፤ ስልኩ ላይ የሚፈልገው ሰው ግን «ስጋ»፣ «እቃ»፣ «ፀጉር» ብሎ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ ትክክለኛውን አጻጻፍ ይዘው፣ በርዕሱ ወይም በፎቶው መግለጫ ላይ ሕዝቡ የለመደውንም አንድ ጊዜ ቢያስገቡ አይጎዳም። አማርኛ መምህሩ ቅር ይለዋል፤ ይታገሡት።

ሁለተኛ እንግሊዝኛው። የውጭ እንግዳ ወይም ውጭ ያደገ ልጅ ደንበኛዎ ከሆነ እዚህ ላይ አይቆጥቡ፤ ስለ ሰዓትና ስለ ቀን ከላይ የተናገርኩትንም ለተርጓሚው በቃል ያሳስቡት። የወላይታ ስም በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ አጻጻፍ ስለሚገኝ አንዱን ይምረጡና በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በካርታውና በገጹ ላይ ሳይቀያየር ይጻፍ።

ወላይትኛ ገጽ ቢኖርዎ እሰየው፤ ውጭ ያለውን የአገር ልጅ እንደ ቋንቋው የሚይዘው ነገር የለም። ግን ቋንቋውን መናገርና መጻፍ ሁለት ናቸው። ጽሕፈቱ በላቲን ፊደል ስለሆነና የሚረዝመው ድምፅም የሚጠብቀው ፊደልም ተደግሞ ስለሚጻፍ፣ በትምህርት ቤት ቋንቋውን ያስተማረ ወይም የተማረ ሰው ማየት አለበት።

ሦስተኛ ፎቶ። ጥሩ ስልክና የጠዋት ብርሃን ካለዎት ይህን ወጪ ሊያስቀሩት ይችላሉ። ለሆቴልና ለዱንጉዛ ጨርቅ ሻጭ ግን ባለሙያ ቢያነሳው ይሻላል፤ የዱንጉዛው ቀይና ቢጫ በደካማ ካሜራ ደብዝዞ ይወጣና ገዢው የተላከለትን ሲያይ ሌላ ጨርቅ ይመስለዋል። ደንበኛ ፎቶው ውስጥ ካለ ፈቃዱን ይጠይቁ።

ከጸሐፊው ጋር ሲስማሙ

ማስታወሻዎን የሚያሰናዳ ጸሐፊ ካስፈለገዎ፣ ሙሉውን ሥራ ከመስጠትዎ በፊት ከደብተርዎ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይስጡትና እንዲያሰናዳ ያድርጉ፤ ለዚያችው ይክፈሉት። ሲመለስ የሚያዩት ውበቱን ብቻ አይደለም፤ መጠየቁን ነው። «ይህ ዋጋ ማጓጓዣን ይጨምራል?» ብሎ የደወለልዎትን ይቅጠሩ። ምንም ሳይጠይቅ ሦስት ገጽ አሳምሮ ያመጣልዎትን ያመስግኑና ያሰናብቱ፤ ያልነገሩትን ነገር ከራሱ አውጥቶ ሞልቶበታል ማለት ነው።

ክፍያውን በቃል ብዛት አይዋዋሉ። በቃል የሚከፈለው ሰው ያንዛዛል፤ አማርኛ ደግሞ ለማንዛዛት የሚመች ቋንቋ ነው፣ «በአሁኑ ሰዓት ላይ በከፍተኛ ሁኔታ እየተስፋፋ የሚገኝ» ብሎ ስድስት ሰባት ቃል ያለ ፍሬ መሙላት ይቻላል። በሥራው ይዋዋሉ፦ አንድ ገጽ፣ አንድ ጊዜ የማረም ግዴታ ያለበት፣ ግማሹ ሲጀመር ግማሹ ሲያልቅ። ስምምነቱ በቴሌግራም መልእክትም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን።

ጽሑፉን በዩኒኮድ እንዲያስረክብዎ አጥብቀው ይንገሩት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሆኖም በድሮው የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፊደል የሚተይብ ጽሕፈት ቤት ዛሬም አይጠፋም። ወረቀት ላይ ሲታተም ያምራል፣ ድረ ገጽ ላይ ሲገባ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ይሆናል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን ወደ ስልክዎ ቴሌግራም ይላክልዎ፤ አማርኛ ሆኖ ከተነበበ ጥሩ ነው።

የዶሜኑ ስም በእርስዎ ስም ይመዝገብ፤ የይለፍ ቃሉም እጅዎ ይግባ። ሠሪውና ጸሐፊው አንድ ሰው ሲሆኑ ይህ ይረሳል፤ ሰውየው ከተማ ሲቀይር ገጹ አብሮት ይሄዳል። «ዶት ኢቲ» የሚለውን የአገራችንን ዶሜን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም መሆኑን ይወቁ፤ የንግድ ፈቃድዎን ይዘው ምን እንደሚጠየቅ ራስዎ ይጠይቁ።

ቻትጂፒቲ ቢጽፍልኝስ?

ይጽፋል፤ አማርኛውም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተሻሻለ ነው። የመረጃውን ደብተር ከሰጡት ቅደም ተከተል ያስይዝልዎታል፣ የእንግሊዝኛ ረቂቅም ያወጣል፤ ይህ የተርጓሚውን ወጪ ሊቀንስልዎ ይችላል። ችግሩ ደብተሩን ሳይሰጡት «ስለ አረካ ፔንሲዮን ጻፍልኝ» ሲሉት ነው። መዋኛ ይጨምርልዎታል፣ የአየር ማረፊያ አገልግሎት ይጨምርልዎታል፣ ሐይቅ ዳር ያስቀምጥዎታል። ስለዚህ ያወጣውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከደብተሩ ጋር ያስተያዩ፤ ደብተሩ ውስጥ የሌለውን ያውጡ። ወላይትኛውን ደግሞ ቋንቋውን የሚጽፍ ሰው ሳያየው አይለጥፉት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ገጹን አረካን ለማያውቅ አንድ ዘመድ ይላኩለትና ምንም ሳይነግሩት ዕቃ እንዲያዝ ወይም አልጋ እንዲይዝ ይጠይቁት። ደውሎ የጠየቀዎት ነገር ሁሉ ከገጹ የጎደለ ነው፤ ይጨምሩት። ከዚያ በኋላ ዋጋ በተቀየረበት ቀን ገጹንም ያርሙ። ማረሙን የማይችሉ ወይም የሚያርምልዎ ሰው የሌለዎት ከሆነ ዋጋውን ከገጹ ላይ ያውርዱና ስልክዎን ብቻ ይተዉ፤ ባለፈው ዓመት ዋጋ ተማምኖ ከሶዶ የመጣ ደንበኛ ሁለተኛ አይመጣም።